የሕዋስ በር የተገኘበት ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚወጣው መጽሔት ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ፣ አብዛኞቹ ጓደኞቻችን ወደ ነገሥታትና ወደ ጦርነት ታሪክ ሄዱ። እኛ ግን በሥነ ሕይወት ትምህርት ጊዜ በጥቂት መስመር የሚታለፈውን አንድ ነገር መረጥን። ይኸውም በሕዋስ ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን የሕዋሱን ሽፋን እንዴት አድርጎ እንደሚያልፍ የታወቀበት ታሪክ ነው። ተማሪ ይህን በአንድ ቀን አጥንቶ ለፈተና ያቀርበዋል፤ የሰው ልጅ ግን እዚያ ለመድረስ ስድሳ ዓመት ያኽል ደክሞበታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰይፍ የለም፤ ሆኖም ስደት አለበት፤ ክርክር አለበት፤ ማስረጃ ሳይኖረው የተነገረና የኋላ ኋላ እውነት ሆኖ የተገኘ ግምትም አለበት። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። የሰውም ሆነ የእንስሳ፣ የዛፍም ሆነ የእርሾ አካል ከሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱም ሕዋስ በስስ ሽፋን ተከቧል። በ1925 ዓ.ም. ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ስቡን አውጥተው በውሃ ላይ ዘርግተው ቢለኩት፣ የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት ጊዜ ለመሸፈን የሚበቃ ሆኖ አገኙት። ከዚህም የተነሣ ሽፋኑ ድርብ የሆነ የስብ ንጣፍ ነው አሉ። ውፍረቱ፣ አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ ከአምስቱ ክፍል ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የሳሳ ቢሆንም ግንብነቱ ጽኑ ነው። ዘይትና ውሃ በአንድ ዕቃ ቢጨመሩ እንደማይዋሐዱ በየቤታችን የምናየው ነው፤ እንደዚሁም በውሃ ውስጥ መኖር የሚወድ ነገር በስቡ ንጣፍ መካከል ማለፍ አይሆንለትም።

ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ የሚባሉት ቅንጣቶች በመቁጠሪያ ክር ላይ እንዳለ ዶቃ ተራ በተራ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱም በስብ ፊት ታላቅ ጓዝ እንደ ያዘ መንገደኛ ነው። ታዲያ ቆሽታችን ምግብ የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች እየሠራ ወደ አንጀት ያፈሳል፤ ኢንሱሊንንም ወደ ደም ይልካል። ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከበሽታ የሚከላከለውን ፀረ አካል ያወጣሉ። ሁሉም የሚሠሩት በውስጥ ነው፤ የሚያገለግሉት ግን በውጭ ነው። ሕዋሱ ግንቡን ቢያፈርስ ይሞታል፤ ካላፈረሰ ደግሞ ይህ ሁሉ ፕሮቲን በየት በኩል ይወጣል? ጥያቄው ይህ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የተዘጋጀው ዕቃ እንጂ መልሱ አልነበረም። በኒውዮርክ ከተማ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ውስጥ አልበርት ክሎድ የተባለ የቤልጅግ ተወላጅ ሕዋሳትን ፈጭቶ በፍጥነት በሚሽከረከር መኪና እያዞረ፣ ከባዱን ከቀላሉ መለየት ጀመረ። ከቀላሎቹ መካከል ጥቃቅን ከረጢቶች አገኘ፤ እነዚህም ማይክሮዞም ተባሉ። በ1945 ዓ.ም. ክሎድ ከኪት ፖርተርና ከኧርነስት ፉላም ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የሙሉ ሕዋስ ሥዕል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነሣ። በሥዕሉም ላይ በሕዋሱ ውስጥ እንደ ዳንቴል የተዘረጋ አንድ ረቂቅ መረብ ታየ። ፖርተር ኤንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ብሎ ሰየመው። ስሙ ለአፍ ስለሚከብድ እኛ በዚህ ጽሑፍ የሕዋሱ ጓዳ እንለዋለን፤ በእርግጥም በሽፋን የታጠረ፣ ውስጡ እርስ በርሱ የተያያዘ ጓዳ ነውና። ማይክሮዞም የተባሉትም ይህ ጓዳ ሲፈጭ ተቆራርጦ ተመልሶ የሚዘጋባቸው ከረጢቶች መሆናቸው በኋላ ታወቀ። ይህን አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የታሪካችን ዋና ሙከራ የሚደረገው በእነዚህ ከረጢቶች ላይ ነው።

ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ጆርጅ ፓላዴ የተባለ የሩማንያ ሐኪም ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። በ1955 ዓ.ም. በጓዳው ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል የተለጠፉ ጥቁር ነጠብጣቦች መኖራቸውን ጻፈ። እነዚህ ዛሬ ራይቦዞም የምንላቸው የፕሮቲን መሥሪያዎች ናቸው። ፓላዴም ፕሮቲን እየሠራ ወደ ውጭ የሚልክ ሕዋስ በሆነ ቦታ ሁሉ ጓዳው ሰፊ፣ ነጠብጣቦቹም ብዙ መሆናቸውን አስተዋለ። እንዲህ ያለው ነገር እንዲያው ያለ ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ፓላዴና ጄምስ ጄሚሰን ያደረጉት ነገር ለብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ጊኒ ፒግ ከምትባለው ትንሽ እንስሳ ቆሽት ቀጫጭን ቁራጭ አውጥተው፣ ጨረር የሚያመነጭ አሚኖ አሲድ ለ3 ደቂቃ ብቻ አበሉት፤ ከዚያም ጨረር በሌለው ለወጡት። እንግዲህ በእነዚያ 3 ደቂቃዎች የተሠራው ፕሮቲን ብቻ ምልክት አለው ማለት ነው። በገበያ ብዛት መካከል ቀይ ጥምጥም ያደረገ አንድ ሰው ከሩቅ እንደሚለይ፣ ምልክት ያለው ፕሮቲን በየደረሰበት ታየ። በ1967 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ በመጀመሪያ በጓዳው ውስጥ ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጎልጂ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከረጢቶች ዘንድ ተገኘ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲቆይ በትላልቅ ማጠራቀሚያዎች ታየ፤ ወደ ሁለት ሰዓት ሲጠጋ በበሰሉ ከረጢቶች ተሞልቶ ለመፍሰስ ተዘጋጅቶ፣ አንዳንዱም ፈስሶ ተገኘ። ከረጢቱ ከውጭው ሽፋን ጋር ሲዋሐድ አፉ ወደ ውጭ ይከፈታልና ፕሮቲኑ ይፈሳል።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ስለዚህ ቆም ብለን እናስረዳው። ፕሮቲኑ አንድ ጊዜ በጓዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ከከረጢት ወደ ከረጢት ይተላለፋል እንጂ ሌላ ግንብ አይሻገርም። የጓዳው ውስጥ፣ የከረጢቱ ውስጥና የሕዋሱ ውጭ በአንድ ወገን ናቸው። ከባዱ መሻገሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከራይቦዞም ተነሥቶ ወደ ጓዳው መግቢያው ነው። ጥያቄው በዚህ ጠበበ፤ መጥበቡም መልሱን አቀረበው። ፓላዴ፣ ክሎድና ክርስቲያን ደ ዱቭ ስለ ሕዋስ አሠራር ላደረጉት ምርምር በ1974 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ስለዚች አንዲት መሻገሪያ የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኙት ኮልቪን ሬድማንና ዴቪድ ሳባቲኒ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ፕዩሮማይሲን በተባለ መድኃኒት በጓዳው ላይ የተለጠፉትን ራይቦዞሞች ሥራቸውን ሳይጨርሱ አስቆሟቸው። መድኃኒቱ ያልተፈጸመውን ሰንሰለት ከራይቦዞሙ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ሰንሰለት ወዴት ሄደ? ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጓዳው ውስጥ ሆነ። እንግዲህ ሰንሰለቱ ገና እየተሠራ ሳለ ጫፉ ወደ ጓዳው ገብቶ ነበር ማለት ነው። ፕሮቲኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚሻገር ሳይሆን፣ እየተሠራ የሚሻገር ነው።

ይሁን እንጂ ሌላ እንቆቅልሽ ቀረ። በሕዋሱ ውስጥ ብዙ ራይቦዞሞች በጓዳው ላይ ሳይለጠፉ በነጻ ይንሳፈፋሉ፤ የሚሠሩትም በዚያው በሕዋሱ ውስጥ የሚቀረውን ፕሮቲን ነው። ነጻውና የተለጠፈው ራይቦዞም በአሠራር አይለያዩም። ታዲያ አንዱ ወደ ጓዳው ሄዶ እንዲለጠፍ፣ ሌላው እንዲቀር የሚነግራቸው ማን ነው?

እዚህ ላይ የታሪካችን ዋና ሰው ይገባል። ጉንተር ብሎቤል በ1936 ዓ.ም. በሲሌዝያ አገር ዋልተርስዶርፍ በምትባል መንደር ከአንድ የከብት ሐኪም ተወለደ። ቦታው ያን ጊዜ የጀርመን ነበር፤ ዛሬ የፖላንድ ነው። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ የሩስያ ጦር ሲቃረብ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ ልጁም በስደቱ መንገድ የድሬስደንን ከተማና የታላቁን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው በአውሮፕላን ቦምብ ሲቃጠል የሌሊቱ ሰማይ ቀልቶ ከሩቅ ተመለከተ። በዚያው ዓመት ታላቅ እኅቱ የተሳፈረችበት ባቡር በአውሮፕላን ተደብድቦ ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ቢፈጽም፣ የባለጸጋ ወገን ነህ ተብሎ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ በ1954 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገረ። ሕክምና ተማረ፤ ቀጥሎም በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ተቀብሎ፣ በ1967 ዓ.ም. ወደ ፓላዴ ላቦራቶሪ መጣ። የዩኒቨርሲቲ በር የተዘጋበት ሰው የሕዋስን በር ሲፈልግ መኖሩ ለእኛ ለመልቀቂያ ፈተና ለምንዘጋጀው የሚያስገርም ነው።

ብሎቤልና ሳባቲኒ በ1971 ዓ.ም. አንድ አጭር ጽሑፍ ከአንድ ሥዕል ጋር አወጡ። በሥዕሉ ላይ፣ ወደ ጓዳው የሚሄዱት ፕሮቲኖች ሁሉ በራሳቸው ጫፍ፣ ማለት መጀመሪያ በሚሠራው በኩል፣ አንድ የጋራ ምልክት አላቸው። ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ስላላወቁ «ኤክስ» በሚል ፊደል አመለከቱት። ይህ ምልክት ከራይቦዞሙ ብቅ ሲል አንድ ነገር ይይዘውና ራይቦዞሙን ወደ ጓዳው ይወስደዋል አሉ። በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ምንድር ነው ብንል፣ ምንም አልነበረም። የሒሳብ ተማሪ ገና ያላገኘውን ቁጥር በፊደል እንደሚተካ፣ እነሱም ያላገኙትን ነገር በፊደል ተክተው ወደ ፊት ሄዱ። ከሳይንስ ሰው ዘንድ እንዲህ ያለ ድፍረት ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኛ ግን ነውር አይመስለንም፤ ግምቱ በሙከራ ሊያዝ የሚችል ሆኖ ከተነገረ ሐሰት ቢሆን እንኳ ሐሰትነቱ ይታወቃልና።

በሚቀጥለው ዓመት በ1972 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ከኬምብሪጅ ወሬ መጣ። ሴዛር ሚልስታይንና ጓደኞቹ የፀረ አካልን አንድ ክፍል ያለ ሕዋስ፣ በብልቃጥ ውስጥ ሠሩት። ፕሮቲኑ ግን ሕዋስ ከሚያወጣው ይልቅ ትንሽ ረዝሞ ተገኘ። ማይክሮዞም ባለበት ሲሠሩት ደግሞ ርዝመቱ ትክክለኛው ሆነ። ትርፉ ቁራጭ በራሱ ጫፍ በኩል ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ፕሮቲኑንም ወደ ጓዳው የሚመራ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ስም ያልነበረው «ኤክስ» እነሆ በሌላ አገር ሰዎች እጅ ሊጨበጥ ተቃረበ።

የፍርዱ ቀን የመጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ብሎቤልና በርንሃርት ዶበርስታይን ሕዋስን አፈራርሰው መልሰው በብልቃጥ ውስጥ አቆሙት ብንል ማጋነን አይሆንም። ራይቦዞም ከአንዱ፣ የፀረ አካል ትእዛዝ የያዘ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ከአይጥ ዕጢ፣ ማይክሮዞም ደግሞ ከውሻ ቆሽት አመጡ። ከሌሎች እንስሳት ቆሽት የውሻው የተመረጠው፣ መልእክተኛውን የሚያጠፋው ኢንዛይም በውስጡ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ዕውቀት ከታላቁ ሐሳብ ይልቅ ሥራውን ያቃናው ይመስለናል።

ሙከራው እንዲህ ነበር። ማይክሮዞም በሌለበት ፕሮቲኑ ሲሠራ ረጅሙ ተገኘ። ማይክሮዞሙ ከመጀመሪያ ጀምሮ አብሮ ሲኖር አጭሩ ተገኘ፤ ማለት ምልክቱ ተቆርጧል። ቀጥለውም ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ጨመሩበት። ረጅሙ ተበላ፤ አጭሩ ግን ሳይነካ ቀረ። ለምን ቢሉ በከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ተከልሏልና። ሽፋኑን በሳሙና መሰል ነገር ያፈረሱት እንደ ሆነ ግን ያም ተበላ። በመጨረሻም ፕሮቲኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማይክሮዞም ቢጨምሩ አልገባም፤ አልተቆረጠምም። እንግዲህ ምልክቱ አለ፤ ሲገባ ይቆረጣል፤ መግባቱም እየተሠራ ሳለ ነው። በኬላ ላይ የይለፍ ወረቀቱን ያሳየ ነጋዴ ወረቀቱን እዚያው ትቶ እንደሚያልፍ፣ ፕሮቲኑም ምልክቱን በበሩ ላይ ጥሎ ያልፋል። የወረቀቱም ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 አሚኖ አሲድ ነው፤ መካከሉም ስብን በሚወዱ ቅንጣቶች የተሞላ ነው።

ስለ ሽልማትና ስለ ስም አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የ1999 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት በሕክምና ለብሎቤል ብቻ ተሰጠ። ሳባቲኒ የ1971ዱ ግምት ተካፋይ ነበር፤ ሚልስታይንም በ1972 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሚጨበጥ ነገር አምጥቷል፤ እርግጥ እሱ በሌላ ሥራ በ1984 ዓ.ም. ተሸልሟል። ሁለቱም የአርጀንቲና ተወላጆች ናቸው። ብሎቤል ሐሳቡን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይለቅ ስለ ተከተለው ሽልማቱ አይገባውም የሚል የለም፤ ነገር ግን በትምህርት መጽሐፍ ላይ የሳባቲኒ ስም ከጎኑ ቢጻፍ ደስ ይለን ነበር።

ምልክቱ ከተገኘ ዘንድ የሚያነበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀጠለ። ማይክሮዞምን በብርቱ የጨው ውሃ ቢያጥቡት ፕሮቲን ማስገባት ያቆማል፤ እጣቢውን መልሰው ቢጨምሩበት ሥራውን ይጀምራል። በእጣቢው ውስጥ ያለውን ነገር ፒተር ዋልተር የተባለው የብሎቤል ተማሪ በ1980 ዓ.ም. ለይቶ አጠራው። ስድስት ፕሮቲኖች በአንድነት የተያያዙበት ነበር፤ ምልክት ዐዋቂ ፕሮቲንም ተባለ። በ1982 ዓ.ም. ግን በመካከላቸው አንድ አር ኤን ኤ ተቀምጦ ተገኘ፤ ስለዚህ ፕሮቲን መባሉ ቀርቶ ቅንጣት ተባለ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ቃላት በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ አሕጽሮቱ ሳይለወጥ መቅረቱ የዕድል ነገር ነው። ይህ ቅንጣት ምልክቱ ከራይቦዞሙ ብቅ እንዳለ ይይዘዋል፤ ሥራውንም ለጊዜው ያዘገየዋል፤ በጓዳው ግድግዳ ላይ ወዳለው ተቀባዩ አድርሶም ይለቀዋል። ተቀባዩን በዚያው በ1982 ዓ.ም. በጀርመን የነበረው የዶበርስታይን ቡድንና በኒውዮርክ የነበሩት ሰዎች እየራሳቸው አገኙት።

ራይቦዞሙ እዚያ ከደረሰ በኋላስ? በሩ የት አለ? በዚህ ላይ ብርቱ ክርክር ሆነ። በ1979 ዓ.ም. ዊልያም ዊክነር፣ ምልክቱ የፕሮቲኑን አስተጣጠፍ ለውጦ በሽፋኑ ውስጥ ራሱን እንዲሰካ ያደርገዋል እንጂ በር አያስፈልግም አለ። በ1981 ዓ.ም. ዶናልድ ኤንግልማንና ቶማስ ስታይትዝ ደግሞ ሰንሰለቱ እንደ ፀጉር መቆንጠጫ ታጥፎ በስቡ ውስጥ በገዛ ራሱ ሊገባ እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ምልክቱ ስብን የሚወድ ነው፤ ሽፋኑም ስብ ነው፤ እንግዲህ ወዳጅ ወደ ወዳጁ ቢገባ ምን ይደንቃል? ከዚህም በላይ በር ያለ እንደ ሆነ፣ ፕሮቲን የሚያሳልፍ ሰፊ በር ጥቃቅኑን ጨው እንዴት ይከለክላል? ጓዳው ካፈሰሰ ሕዋሱ አለቀለት። ብሎቤል ግን ከመጀመሪያው በር አለ ብሎ ነበርና በዚያው ጸና። በእንዲህ ያለ ክርክር የሚረታው ብዙ የሚናገረው ሳይሆን በሩን የሚያሳየው ነው።

በሩን ለመያዝ አስደናቂ የሆነው ወጥመድ የተጠመደው በዳቦ እርሾ ነው። በካሊፎርኒያ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ራንዲ ሼክማን ፕሮቲን ማውጣት የተሳናቸውን እርሾዎች እየለቀመ፣ በ1980 ዓ.ም. ከፒተር ኖቪክ ጋር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ 23 ዘረ መሎች ቆጥሮ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሬይመንድ ዴሼይስና እሱ እንዲህ አሰቡ። እርሾው ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሠርቶ ለመኖር አንድ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። በዚህ ኢንዛይም ራስ ላይ የጓዳውን ምልክት ቢሰፉበት፣ ኢንዛይሙ ተጎትቶ ወደ ጓዳው ይገባል፤ እዚያ ደግሞ አይጠቅምም። በሩ ደኅና የሆነው እርሾ እንግዲህ ይራባል፤ የሚተርፈው በሩ የተበላሸበት ብቻ ነው። እውነትም ከተረፉት መካከል ሴክ61 የተባለው ዘረ መል ተገኘ። ዝቅ ብለን እንደምናየው በሩ ራሱ ይህ ነው። ደኅናው ሞቶ ጎደሎው የሚድንበት ሙከራ ሲነበብ ተረት ይመስላል።

በ1991 ዓ.ም. ሳንፎርድ ሳይመንና ብሎቤል በሌላ መንገድ መጡ። የማይክሮዞሙን ሽፋን በሁለት የጨው ውሃዎች መካከል ዘርግተው በመካከሉ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ኃይል ለኩ። በሰንሰለት የተሞላው መተላለፊያ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ነበር። ያን የድሮውን ፕዩሮማይሲን ጨምረው ሰንሰለቱን ሲያላቅቁት ግን ኤሌክትሪኩ በድንገት ፈሰሰ፤ ራይቦዞሞቹን በጨው ነቅለው ሲያነሡ ደግሞ ተዘጋ። ሰው በደጅ ቆሞ ሲገባና ሲወጣ መዝጊያው እንደሚሰማ፣ በሩ በድምፁ ታወቀ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ዲርክ ገርሊኽና ቶም ራፖፖርት ከእንስሳ ሕዋስ ያጠሩትን የሴክ61 ፕሮቲን ከጥቂት ረዳቶቹ ጋር በአዲስ የስብ ከረጢት ውስጥ ቢያስገቡት፣ ከረጢቱ ፕሮቲን ማስገባት ቻለ። ክርክሩ በዚህ ተፈታ ማለት ይቻላል።

የበሩ መልክ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ራፖፖርት ያን ጊዜ በሃርቫርድ ነበር። እሱና ጓደኞቹ በባሕር ወለል ከፈላ ምንጭ አጠገብ ከሚኖር አንድ ጥቃቅን ፍጥረት የዚህኑ በር ዘመድ አውጥተው በኤክስ ጨረር አነሡት። ቅርጹ ከመካከሉ እንደ ጠበበ የአሸዋ ሰዓት ነው። በጠባቡ ቦታ ስብ ወዳድ የሆኑ ስድስት አሚኖ አሲዶች እንደ ጎማ ቀለበት ከበውታል፤ ከሥሩም እንደ ቡሽ ያለ መወተፊያ አለ። ሰንሰለት ሲመጣ ቡሹ ዘወር ይላል፤ ቀለበቱም ሰንሰለቱን ግጥም አድርጎ ይይዘዋልና ጨዉ አያመልጥም። በጎኑም ወደ ስቡ የሚከፈት ሌላ ደጅ አለ፤ ከግንቡ ውስጥ ተተክለው የሚቀሩት ፕሮቲኖች በዚያ ይወጣሉ። የበሩ ተቃዋሚዎች ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ እንደ ነበር እዚህ ላይ ይታያል፤ መልሱም ቀለበቱና ቡሹ ናቸው።

ብሎቤል አንድ ሚሊዮን ዶላር ያኽል የሆነውን የሽልማቱን ገንዘብ ለድሬስደን ከተማ ሰጠ። በልጅነቱ ጉልላቱን ያየው ቤተ ክርስቲያን ከቦምቡ እሳት የተነሣ በየካቲት 1945 ዓ.ም. ፈርሶ፣ አርባ አምስት ዓመት በላይ የድንጋይ ክምር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከገንዘቡ ከፊሉ በ1938 ዓ.ም. ለተቃጠለው የአይሁድ ምኩራብ ምትክ ለሚሠራው ዋለ። አዲሱ ምኩራብ በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በ2005 ዓ.ም. ተመረቀ። ብሎቤል በ2018 ዓ.ም. በኒውዮርክ በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ሁሉ ለሰው ምን ጠቀመ የሚል ወላጅ ቢኖር፣ ኢንሱሊንን እናሳየዋለን። በቆሽት ውስጥ መጀመሪያ ሲሠራ 110 አሚኖ አሲድ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 24 የይለፍ ወረቀቱ ናቸው። ከእነዚያ 24 የመጨረሻው አንዱ ብቻ በሌላ ቢተካ፣ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ በስኳር በሽታ ሊያዝ እንደሚችል በ2007 ዓ.ም. ተገልጧል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የዋልተር ጊልበርት ተባባሪዎች የአይጥን ኢንሱሊን ከነምልክቱ በባክቴሪያ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ባክቴሪያው ምልክቱን አንብቦ ቆርጦ አሳለፈው። የአይጥን ወረቀት የባክቴሪያ ኬላ ተቀበለው ማለት ነው። ዛሬ ለሕሙማን ከሚሠራው ኢንሱሊን ከፊሉ የሚገኘው ምልክት ተሰፍቶለት ከእርሾ ሕዋስ እንዲወጣ ተደርጎ ነው።

በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከአህጉራችን የመጣ አንድ በሽታ ያሳያል። የቡሩሊ ቁስል በኡጋንዳ ባለው የቡሩሊ አውራጃ ስም የተጠራ ሲሆን፣ በይበልጥ በምዕራብ አፍሪካ አገሮች፣ በጋናና በቤኒን፣ በአይቮሪ ኮስትም፣ ልጆችን ያጠቃል። ቁስሉ ሥጋን እየበላ ይሰፋል፤ ነገር ግን እንደ ስፋቱ አያምም፤ የአካልም መከላከያ እንደሚገባው አይነሣበትም። ስለዚህ ቤተሰብ ሕፃኑን ወደ ሐኪም የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ማይኮላክቶን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ የሚሠራው ሴክ61ን በመዝጋት መሆኑ በ2014 ዓ.ም. ታወቀ። የመከላከያ ሕዋሳት የድረሱልን ጥሪ የሚያሰሙባቸው ፕሮቲኖች በጓዳው ደጅ ላይ ቀርተው በሕዋሱ ውስጥ ይጠፋሉ። በ2020 ዓ.ም. በታተመው ሥዕል ላይ መርዙ በበሩ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የተሸጎጠውም የፕሮቲኑ ምልክት መግባት በሚገባው በዚያ በጎኑ ደጅ ላይ ነው።